አዋቂው ያወቀው ከማን ነው?

ስለ ቃል ድርሰታችን የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ስለ ቅኔ፥ ስለ ፉከራና ስለ ቀረርቶ፥ ስለ ሙሾ፥ ስለ ተረትና ስለ እንቆቅልሽ የደከሙ ሰዎች አልጠፉም። ነገር ግን በየምድጃው ዳር፥ በየገበያው፥ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚነገርና የሚደመጥ አንድ ሌላ ዓይነት ድርሰት አለ፤ ይኸውም የአዋቂ ታሪክ ነው። ተናጋሪው ድርሰት ነው ብሎ አያስበውም፤ ሰሚውም እንደዚሁ። ሐያሲ እስካሁን በቅጡ ያልነካውም ስለዚህ ይመስለናል። እኛ ግን በመንግሥት ሥራ ምክንያት በቢቸናና በሞጣ በተመላለስንበት ጊዜ ደጋግመን ስለ ሰማነው፥ እንደ ማናቸውም ድርሰት ፊት ለፊት አቁመን ልንመረምረው ወደድን።

አዋቂ ስንል ማንን ማለታችን እንደ ሆነ አስቀድመን እንናገር። ጠንቋይ ሲሉት ይቆጣል፤ አዋቂ ሲሉት ደስ ይለዋል። ባለዛር፥ ባለ ውቃቢ፥ ቃልቻ፥ ሞራ ገላጭ፥ ጠጠር ጣይ፥ ኮከብ ቆጣሪ፥ መናፍስት ጠሪ እየተባለ ስሙ ይበዛል። የሥራው መልክ ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ ነው፤ በዓይኔ ያላየሁትን፥ በጆሮዬ ያልሰማሁትን፥ ማንም ያልነገረኝን አውቃለሁ ይላል። ክርክራችን ከዚህ ቃል ጋር ብቻ ነው። የሃይማኖትን ነገር ለሊቃውንቱ እንተዋለን። ሥር ምሶ፥ ቅጠል በጥሶ በሽተኛ የሚረዳውንም ሰው በዚህ አንቈጥረውም፤ መድኃኒቱ ይጠጣል፥ በሽተኛውም ይድናል ወይም አይድንም፥ ሥራው በራሱ ይፈተናልና።

ታሪኩ በአብዛኛው ይህን ይመስላል። አንድ ሰው በቅሎው ትጠፋበታለች። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ከአዋቂው ደጅ ይደርሳል። ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለ አዋቂው ከውስጥ ሆኖ በስሙ ይጠራዋል። «ዳለቻዋን በቅሎህን ፈልገህ መጣህ፤ ከወንዙ ማዶ ከዋርካው ሥር ታስራለች፤ የወሰዳትም የአጎትህ ልጅ ነው» ይለዋል። ሰውየው ሄዶ ያገኛታል። እዚህ ላይ ተራኪው ዝም ይላል፤ ሰሚዎቹም «ወይ ጉድ!» ይላሉ። በድርሰትነቱ ብንፈርደው መልካም ድርሰት ነው። አጭር ነው፤ ትርፍ ቃል የለውም፤ ድንገተኛው ነገር በቦታው ላይ ይደርሳል። ከታተሙት አጫጭር ልብ ወለዶቻችን አንዳንዶቹ ይህን ያህል ቁጥብ ቢሆኑ በወደድን ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስክሩ እንሂድ። ቢቸና ሳለን እውነተኛውን አዋቂ የት እንደምናገኘው ጠየቅን። የቢቸናዎቹ አታላዮች መሆናቸውን፥ እውነተኛው ግን ሞጣ መሆኑን አስረዱን። ሞጣ ደርሰን ብንጠይቅ፥ የሞጣዎቹ ሁሉ ብር ፈላጊዎች ናቸው፤ አዋቂስ ከዓባይ ማዶ፥ ሰባራ ድልድይን ተሻግሮ በቤጌምድር በኩል ነው አሉን። ከዚያው ከማዶ ለገበያ የመጣ አንድ ነጋዴ አግኝተን ነገሩን ብናነሣለት፥ ሳቅ ብሎ «ጌታው፥ አዋቂማ ያለው እናንተው ዘንድ፥ በጎጃም ነው እንጂ» አለን። «በዓይኔ አየሁ» ያሉንን ሰዎችም በትሕትና ቀረብ ብለን ስንጠይቃቸው፥ ያየው አማታቸው ወይም ያማታቸው ወንድም ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ነፍሱን ይማረውና ሞቷል።

ከዚህም የሚብስ ጉድለት አለ። ድርሰቱ የሚያስቀረው ነገር ነው። አዋቂው ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገኝ፥ ለወሬ የሚበቃው ያቺ አንዲቷ ናት። በቅሎውን ያላገኘ ሰው ወሬ የለውም፤ ቢኖረውም አያወራውም። ገንዘቡን አውጥቶ፥ መንገድ ተንከራትቶ፥ ባዶ እጁን መመለሱን ለጎረቤት መንገር ያሳፍራል። ቢገደድም ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ ኮከቤ አልገጠመም ይላል፥ ወይም የወሰድሁት ዶሮ ገብስማ አልነበረም ይላል። ገብስማ፥ ወሰራ፥ ቀይ፥ ጥቁር እየተባለ የሚታዘዘው የዶሮ መልክ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ላባው ውስጥ አንዲት ነጭ ብትገኝ የአዋቂው ቃል ቢስት ጥፋቱ የዶሮዋ ነው። ከዚህ የተሻለ የማምለጫ በር የሠራ ጠበቃ እስካሁን አላየንም።

ወደ ቤቱ እንግባ። ባለጉዳዩ እንደ ደረሰ አይገባም። በደጅ ይቀመጣል፤ አጋፋሪ አለ፤ ቡና ይፈላል። ከእሱ በፊት የመጡ ሌሎች ባለጉዳዮች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ የቤቱ ሰው ናቸው። ከየት መጣህ፥ የማን ልጅ ነህ፥ መንገዱ እንዴት ነበር ማለት ያገር ደንብ ነውና ማንም አይጠረጥርም። ቀጠሮው ለነገ ወይም ለሚመጣው ሳምንት ይተላለፋል፤ ባለጉዳዩም እዚያው አካባቢ ያድራል፤ ላሳደረው ሰው ችግሩን ያጫውታል። በዛሬ ጊዜ ደግሞ ስልክ አለ፤ የሰውየውን ቀበሌ ካወቁ ጎረቤቱን መጠየቅ የአፍታ ሥራ ነው። ዱሮ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ይፈልግ የነበረው ተአምር አሁን አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ይደርሳል።

ይህም ሁሉ ባይኖር አዋቂው በጨለማ አይዳክርም። በጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፥ አርሶ አደር ሥራውን ጥሎ ሁለት ቀን በእግሩ ሲጓዝ ጉዳዩ ከአራት እምብዛም አይወጣም፤ በሽታ፥ የመሬት ክርክር፥ የጠፋ ከብት፥ የትዳርና የልጅ ነገር ነው። እኛም በመስኮት በኩል አመጣጡን አይተን የማመልከቻውን አርእስት የምንገምትበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ስለዚህ ግን ማንም ገብስማ ዶሮ አላመጣልንም። አዋቂው «ከጎረቤትህ በዓይኑ የማይወድህ ሰው አለ» ይላል። የማይኖርበት ማን አለ? «ቀይ ነው» ይልና የባለጉዳዩን ፊት ያያል፤ ፊቱ ካልፈካ «ቀይ ይመስላል እንጂ ጠይም ነው» ይላል። ስሙን የሚናገረው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን «ስሙን ሳልነግረው ነገረኝ» ብሎ ያወራል፤ ይህንንም ሲል አይዋሽም፤ እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው።

ጎጃም በዚህ ነገር ስም የወጣለት ለምንድን ነው? ምክንያቱን ከድንቁርና ሳይሆን ከትምህርት መፈለግ ይገባል። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ወርቅ ማርያምም በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ናት። በእነዚህና በመሰሎቻቸው አድባራት ዙሪያ ከልዩ ልዩ አገር ተማሪ ሲጎርፍ የኖረው ለቅኔና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ነው። ፊደል የሚያውቅ ጥቂት በሆነበት ዘመን፥ ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ሌላም ስውር ነገር ያውቃል ተብሎ መታሰቡ አያስገርምም። ክታብ የሚያስጽፈው ሰው የሚከፍለው ለቃሉ ትርጉም አልነበረም፤ ማንበብ ስለማይችል ትርጉሙን አያውቀውም። የሚከፍለው ለጽሑፉ መልክ ነበር።

ነገር ግን ሁለቱን ትምህርቶች ጎን ለጎን እናስተያያቸው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ተሸሽጎ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል። ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ፥ ቤቱ ቢሰበር፥ ምሥጢሩ ቢጠፋ፥ ሰሙ ከወርቁ ቢጣላ፥ የኔታ በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል፤ ይስቁበታልም። በነጋው እንደገና ይቈጥራል። አስማት የሚማረው ደግሞ ከአንድ ሰው በምሥጢር ይቀበላል፤ የተቀበለውን ለሌላ አያሳይም፤ ማንም አያርመውም። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አማራ ደብተሮችና ፈዋሾች ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ምሥጢር ጠባቂነት የሙያው ዋና ጠባይ አድርጎ ያየዋል። ከአንድ አጥቢያ የወጡ ሁለት ትምህርቶች ናቸው፤ አንደኛው በየማታው በአደባባይ ሲፈተን ይኖራል፥ ሁለተኛው በምንም ቀን አይፈተንም። ለአዋቂነት ማስረጃ የሚሆነው የጎጃም ሊቃውንት ስም መሆኑ ስለዚህ ያሳዝነናል፤ የቅኔ ቤቱ ደንብ በአዋቂው ላይ ቢፈጸም ኖሮ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው እንምጣ፤ ይኸውም ሌባሻይ ነው። ሌባሻይ እንደ ጠጠር ጣዩ ከጓሮ የሚገኝ ሰው አልነበረም፤ ሹማምንት የሚያውቁት፥ ፍርድ የሚታመንበት፥ በአገር ደንብ የቆመ ሰው ነበር። ከ19ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ አገራችንን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦችም ሳይጽፉበት አላለፉም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ለሌባሻዩ ያመለክታል። ሌባሻዩም ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ይዞ ይመጣል። ምንነቱን እሱ ብቻ የሚያውቀውን ዱቄት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ጭስም ያስምገዋል። ልጁ ይደነዝዛል፥ ይወድቃል፥ ከዚያ ዓይኑ ፈጦ ይነሣል። በወገቡ መቀነት ይታሰራል፤ የመቀነቱን ጫፍ ሌባሻዩ ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ፥ አንዳንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ በየመንደሩ ይዞራል፤ ሕዝቡም ይከተላል። በመጨረሻ ከአንድ ሰው ቤት ገብቶ ከመደቡ ወይም ከአልጋው ላይ ሲወድቅ፥ የዚያ ቤት ጌታ ሌባ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ አልሰረቅሁም ቢል የሚሰማው የለም፤ ዕቃውን ይከፍላል።

የዕድሜ ባለጸጎች ስለ ሌባሻይ ሲያወሩ «ሐሰት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሌባ እውነቱን ባልተናገረ» ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለምና እናክብረው። በእርግጥም ልጁ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ያመነ ሌባ ይኖራል። ነገር ግን ሌባሻይ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ብቻ የሰረቁትን በሌሊት አውጥተው እንዲጥሉ ሲያደርግ፥ ያስጣላቸው ፍርሃት ነው እንጂ የልጁ ማወቅ አይደለም። ያልሰረቀው ሰው ደጅ ሲወድቅ ግን ምን ይሆናል? እሱም መክፈሉ አይቀርም፤ ስለ ከፈለም ሌባነቱ ተረጋገጠ ይባላል። እንዲህ ያለው ፍርድ መቼም ቢሆን ሊሳሳት አይችልም፤ ስሕተቱን የሚመዘግብበት ቦታ የለውምና።

ልጁ ወደዚያ ቤት የሄደው ለምንድን ነው? የመቀነቱን ነገር ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዓመታት ስቱአርት ካምበርላንድ የሚባል እንግሊዛዊ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ፥ መርፌ የሸሸገውን ሰው እጅ ይዞ፥ የተሸሸገችውን መርፌ እየፈለገ በማግኘት በአውሮጳ ታላቅ ዝና አተረፈ። መንፈስ አለብኝ አላለም፤ የያዝሁት ሰው እጅ ነው የሚመራኝ ይል ነበር። ሰውየው ሳያውቀው፥ ወደ መርፌዋ ሲቀርቡ እጁ ይላላል፤ ሲርቁ ይከብዳል። ከእሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1853 ታላቁ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ መንፈስ ያንቀሳቅሰዋል የሚባለውን ጠረጴዛ መርምሮ፥ የሚገፉት በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች መሆናቸውን፥ መግፋታቸውንም ራሳቸው እንደማያውቁ በመሣሪያ አሳይቷል። ልጁና ሌባሻዩ በመቀነት የተያያዙት ለምን እንደ ሆነ ከዚህ በኋላ አንባቢ ይፍረድ። አሳቢው በመቀነቱ ጫፍ ያለው ነው፤ ልጁ እግሩ ነው።

መቀነቱ ቢፈታስ? የሚከተለው ሕዝብ አለ። በበርሊን ከተማ ቮን ኦስተን የሚባል መምህር ሃንስ የተባለ ፈረስ ነበረው፤ ሒሳብ ሲጠይቁት መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይናገራል። ባለቤቱ ገንዘብ አይቀበልም፤ አታላይም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1904 የተሰበሰቡ ሊቃውንት መርምረው ተንኮል አላገኙበትም። ኋላ ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ወጣት ተመራማሪ ነገሩን በትዕግሥት ፈተነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907ም መጽሐፍ አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱ አያውቅም፤ ጠያቂውን ማየት ካልቻለም አያውቅም። ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን አንገት ነበር። ኮቴው ከትክክለኛው ቍጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳያስበው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱም ያቆማል። ፕፉንግስት ምሥጢሩን ካወቀ በኋላ እንኳ የገዛ አንገቱን ፈጽሞ መግታት እንዳልቻለ ጽፏል። እንግዲህ ሁለት መቶ ሰው የሚጠረጥረውን ቤት በልቡ ይዞ ልጁን ሲከተል፥ ልጁ ወደዚያ ቤት ሲያዘነብል ትንፋሹን ሲውጥ፥ አልፎ ሲሄድ ሲያጉተመትም፥ አንገቱ ቀና የማይል ከመካከላቸው ማን ነው?

እዚህ ላይ ለአገራችን ዳኝነት አንድ ቃል እንሰጣለን። አባቶቻችን ሌላም መንገድ ነበራቸው፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአጥቢያው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ እየማለ፥ የሚያውቀውን ሲያወጣ ይውላል፤ ምንጩን መግለጥ ያልፈለገም «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሕዝብን ከሥራ ያስፈታል፥ ወፏም ቂመኛ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም የመንደሩ ጥርጣሬ የመንደሩ ጥርጣሬ ተብሎ ይቀርባል፤ ሽማግሎችም ይመዝኑታል። ሌባሻይ ያንኑ ጥርጣሬ ከዚያው ሕዝብ ወስዶ በልጅ ሰውነት ውስጥ አሳልፎ የመንፈስ ቃል አድርጎ ይመልሰዋል። ሐሜትን ማንም ሊከራከረው የማይችል ማስረጃ ያደረገበት መሣሪያ ነው ብንል አልበዛም።

ሌባሻይ ከፍርድ አደባባይ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ አሳቡ አልሞተም። ዛሬም ዕቃ የጠፋባቸው፥ ከተማ የሚኖሩ፥ ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች «አስጠንቁለን ደረስንበት» ብለው የቤት ሠራተኛ ሲያባርሩ ሰምተናል። ልጅቱ የወር ደመወዟን ሳትቀበል ትሄዳለች፤ ዕቃውም ከሳጥን ሥር ይገኛል። ይህን የአዋቂ ታሪክ አድርጎ የሚተርከው የለም።

ደራስያኖቻችን በዚህ ነገር ላይ ምን ሠሩ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ዋና ታሪኩን ዲማ ላይ ስላደረገው፥ በቢቸና በኩል የሚያልፍ አንባቢ ሁሉ ጉዱ ካሣን በመንገድ የሚያገኘው ይመስለዋል። ጉዱ ካሣ ልማድን ስለሚጠይቅ ሕዝቡ እብድ ያለው ሰው ነው፤ ለእንዲህ ያለው ምርመራ ከእሱ የተሻለ አይገኝም ነበር። ሆኖም ትችቱ የሚያነጣጥረው በይበልጥ በባላባት ሥርዓትና በትውልድ ኩራት ላይ ነው። የሚናገረውም በንግግር ነው፤ ፈተና አያቆምም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጡት አደፍርስም የተማረው ወጣት ከገጠር ልማድ ጋር በቃል ይሟገታል፤ ሙግቱም ሙግት ሆኖ ይቀራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ጉዳያችን ይበልጥ የቀረቡት በጉዱ ካሣ ሳይሆን በበዛብህ ነው እንላለን። ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት በልጅነቱ ወደ ልቡ ገብቶ፥ አድጎም ፍቅር ሲይዘው እንደ ጥላ ይከተለዋል። ማንም አላሰረውም፤ ያሰረው ያመነው ቃል ነው። አንድ የተነገረ ቃል ከውጭ ምንም ኃይል ሳይታከልበት የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚመራ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ የተጻፈ አላነበብንም። አዋቂው «ጥላ አለብህ» ያለው ሰው ከዓመት በኋላ ከስቶና ጠቍሮ ስናየው፥ የበዛብህን ነገር እናስታውሳለን።

ከውጭ አገር ጸሐፊዎች መካከል ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ የምትባለውን ባለዛርና በዙሪያዋ የነበሩትን ሴቶች በየቀኑ እየተከታተለ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ተውኔታዊ መልኩ ለብቻው መጽሐፍ አሳተመ። ዛሩ የሚጋልበው «ፈረስ» የሚባለው ሰው ተውኔት ይሠራል፤ ነገር ግን ተዋናይ መሆኑን ሙሉ በሙሉ የማያውቅ ተዋናይ ነው ይላል። ይህ አስተያየት «አታላይ ነው» ወይም «መንፈስ አለበት» ከሚለው ባለ ሁለት መንገድ ክርክር ያወጣናል፤ ስለዚህ እናመሰግነዋለን። ሆኖም ሌሪስ የመሥዋዕቱን ከብት በገንዘቡ ሲገዛ፥ ከሥርዓቱም ሲካፈል የነበረ ሰው ነው። እንግዳው እየከፈለ የሚያየው ዛር ሳይከፈልበት ከሚጮኸው ዛር ጋር አንድ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊም የዛር ማኅበር ለተጨነቁ ሰዎች፥ ይልቁንም በቤታቸው ለማይሰሙ ሴቶች፥ እንደ ሕክምና የሚያገለግል መሆኑን ጽፏል። ይህንን አንክድም። በባሏ ፊት መናገር የማትችል ሴት ዛሩ ሲናገርላት አዲስ ቀሚስ ታገኛለች፤ ጥቂት ትከበራለች። ነገር ግን ማጽናናት ሌላ ነው፥ ማወቅ ሌላ ነው። ባለዛሯ ሐዘንተኛዪቱን ስላጽናናች የጎረቤቷን ስም ሌባ ወይም ቡዳ ብላ ልትጠራ ሥልጣን አታገኝም።

ቡዳን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የአዋቂው ታሪክ መጫወቻ መሆኑ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ድንገት ታሞ ሲወራጭ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ጭስ ያጨሱበታል፤ «ማን ነህ? ከየት ያዝኸው?» እያሉ ይጠይቁታል። ለፈለፈ ይባላል፤ የአንድ ሰው ስም ያወጣል። ሁሉም «እኛም ጠርጥረነው ነበር» ይላል። የሚጠራው ስም የባላባት ወይም የሀብታም ሆኖ እምብዛም አይሰማም፤ የቀጥቃጭ፥ የሸክላ ሠሪ፥ የቆዳ ፋቂ፥ የሸማኔ ነው። ሃንስ የተባለውን ፈረስ ያስታውሷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሥራ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን፥ እንስራውን የምትሠራለትን ሰው የሚፈራ ገበሬ ግን ዛሬም አለ፤ በዚሁ ምክንያት ከጉርብትና የራቁ፥ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ብቻቸውን የሚቀመጡ ቤተ ሰቦች አሉ።

የታመመውም ሰው ይጎዳል። ከሚለፈልፉት መካከል የወባ ትኩሳት ያነቃቸው፥ የሚጥል በሽታ የያዛቸው ይገኛሉ። የሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል በሚባል ርካሽ ኪኒን በብዙ ሰዎች ላይ ሊገታ የሚችል ነው። በሽታው ይጋባል ብለው ስለሚፈሩ ግን እሳት ላይ የወደቀውን በሽተኛ ለማንሣት እጃቸውን የማይዘረጉ ሰዎች አሉ፤ አዋቂው መንፈስ ነው ብሏልና። ይህን ለሚያነቡ መምህራን እናሳስባለን፤ በክፍላቸው ውስጥ ድንገት የሚወድቅ ልጅ ቢኖር፥ ወደ ጎኑ አስተኝተው፥ ወደ አፉ ምንም ሳያስገቡ፥ ሲነቃ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።

ጥንቆላን በጉልበት እናጥፋ የሚሉ ወገኖች ደግሞ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ቢያነቡ መልካም ነው። ንጉሡ በአስማተኞች ላይ ብርቱ ትእዛዝ አውጥተው፥ ሕዝቡ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን መካዱን በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲያጽፍ አዘዙ። ነገር ግን ሰዎች የተያዙት በከሳሾች ቃል ነበር፤ የንጉሡ ልጆችም በዚሁ ክስ ሞተዋል። ጠንቋይን ለማጥፋት የተነሣው ሥርዓት ከጠንቋዩ የወሰደው ዋና ነገር ማስረጃ አለመጠየቁን ነው። በዘመናችን ያለው ሕግ ከዚህ የተሻለ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፥ መናፍስት በመጥራት፥ ዕድል በመንገርና በመሳሰለው የሰውን የዋህነት ለጥቅም ማዋልን ያስቀጣሉ፤ ከፍ ሲልም በማታለል ወንጀል ያስከስሳሉ። ሕጉ የሚጠይቀው መንፈስ መኖሩን አይደለም፤ ገንዘቡ በምን ቃል እንደ ተወሰደ ነው። ችግሩ ከሳሽ አለመገኘቱ ነው። ያፈረ ሰው አይከስም።

ሌላ አገር ይህን በውርርድ ሞክረውታል። ጄምስ ራንዲ የሚባል ምትሀተኛ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፥ በተስማሙበት ፈተና ስውር ኃይሉን ላሳየ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ሽልማቱ ከአንድ ሺህ ዶላር ተነሥቶ ኋላ አንድ ሚሊዮን ደርሷል። ውርርዱ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪቆም ድረስ ገንዘቡን የወሰደ የለም። በቢቸና ወይም በሞጣ ሚሊዮን አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል፤ አዋቂው የተናገረው ነገር ከመፈጸሙ በፊት በቀኑ ይጻፍ፥ ጻፊውም ለማንም አያሳየው፥ ከስድስት ወር በኋላ ይከፈት። የቅኔ ተማሪ በየማታው የሚቀበለውን እርማት አዋቂው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቀበል በዛ አይባልም።

የቀረን የሌባሻዩ ልጅ ነው። ስለ ሌባሻዩ ጥበብ፥ ስለ ተያዘው ሌባ፥ ስለ ተመለሰው ዕቃ ብዙ ሰምተናል። ልጁ የማን ልጅ እንደ ነበረ፥ ስንት ጊዜ እንደ ጠጣ፥ ያ መርዝ በአእምሮው ላይ ምን እንዳደረገ የሚናገር ግን አላጋጠመንም። አብሾ ጠጥቶ አእምሮው የተናወጠ የቆሎ ተማሪ ስሙ በየቅኔ ቤቱ ይነሣል፤ ይህ ልጅ ስም እንኳ የለውም። ካነበብናቸው ልብ ወለዶች መካከልም በማግሥቱ ሲነቃ፥ ያመለከተው ሰው ታስሮ ሲያየው፥ ምን እንዳለ የጻፈ ደራሲ የለም። ከዲማ እስከ ሞጣ የዕድሜ ባለጸጎች ገና በሕይወት ሳሉ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ጠይቆ ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ወጣት ቢገኝ፥ የመጽሔቱ ገጽ ክፍት ይሆንለታል ብለን እናምናለን።